ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ቆጣቢ

ኮርቬት የገዛ ሰው ስለ ፍጥነት ያወራል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ኮርቬት የገዛ ሰው አጋጥሞት አያውቅም። እኔ አንድ አውቃለሁ። ስሙን ብጠራ ስለሚቀየመኝ የቡና ጓደኞቹ ያወጣንለትን ልጠቀም፤ «ባለ ስምንቱ» እንለዋለን። ስምንቱ የሲሊንደሩ ቁጥር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከምንሰባሰብባት ቡና ቤት ጥግ ይዞ ይቀመጥና ስለዚያች ቀይ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ፣ 350 የፈረስ ጉልበት ስላላት መኪናው አፉን ሞልቶ ያወራል። የሚያወራው ታዲያ ስንት እንደምትበር አይደለም። ቤንዚን እንደማትጠጣ ነው።

«በሃይዌይ ሠላሳ ትሰጠኛለች!» ይላል። በአንድ ጋሎን ሠላሳ ማይል ማለቱ ነው፤ አገር ቤት በለመድነው ስሌት በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ። ማንም አልጠየቀውም። ስለ ፖለቲካ እየተከራከርን፣ ስለ ቤት ኪራይ እያማረርን፣ እሱ ቀዳዳ ይፈልግና ሠላሳዋን ሸጉጦ ያስገባታል።

ይህን ጠባይ በሌሎች የፈጣን መኪና ባለቤቶች ላይም አይቼዋለሁ። ቤት የሚያህል ኤስ ዩ ቪ የገዛ ሰው ስለ ነዳጅ ትንፍሽ አይልም፤ «ልጆች አሉኝ» ካለ ፋይሉ ተዘጋ። ትንሽ መኪና የገዛም አያወራም፤ ማን ከሶት? የስፖርት መኪና ባለቤት ግን ከሳሽ ሳይኖር መከላከያ ምስክር ያሰማል። በሃምሳ ምናምን ዓመቱ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው መኪና መግዛቱ ባለ ስምንቱን ራሱንም ከንክኖታል። ሚስቱም መኪናዋ በር ላይ የቆመች ቀን ምንም አልተናገረችም፤ ያገባ ሰው የዚህን ዝምታ ክብደት ያውቀዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ለፍጥነት አውጥቶ፣ ነፃ መውጫውን በቁጠባ በኩል ይፈልጋል።

ከፊት ለፊቱ የሚቀመጡት ጋሼ ናቸው። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ኮሌጅ ያስገቡ፣ ፕሪየስ የተባለች ሃይብሪድ መኪናቸውን ከራሳቸው ጤንነት በላይ የሚንከባከቡ ሰው ናቸው። ነዳጅ ቆጠባ የሚባለው ነገር በጠረጴዛችን ላይ ለዓመታት የእሳቸው ርስት ነበር። ባለ ስምንቱ ኮርቬቱን ይዞ የመጣ ዕለት ድንበር ተገፋ።

«አንተ ሠላሳ ብለህ ትጮኻለህ» አሉት አንድ ቀን። «የእኔዋ ስትገዛ ወረቀቷ ላይ ስልሳ ነበር የተጻፈው። ስልሳ!»

«ያንን ስልሳ አይተውት ያውቃሉ ጋሼ?»

ጋሼ ሲኒያቸውን አነሱ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲኒ ማንሳት «ይለፈኝ» ማለት ነው።

ስልሳውን እንዳላዩት እኔም አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ያ ቁጥር የተወለደው መንገድ ላይ አይደለም። አዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው የነዳጅ ቁጥር ቤት ውስጥ ነው የሚወለደው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ አን አርበር ከተማ ውስጥ የመኪና መፈተሻ ላቦራቶሪ አለው፤ አብዛኛውን ፍተሻ ግን የሚያካሂዱት መኪና አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው፣ ኤጀንሲው ከመሀል እየመዘዘ ደግሞ ያረጋግጣል። መኪናዋ ጎማዋ ሮለር ላይ ተቀምጦ፣ ታስራ፣ እዚያው ቆማ ትሮጣለች። ነጂው ስክሪን ላይ የተሳለለትን መስመር እየተከተለ ይረግጣል፣ ይለቃል። ዳገት የለም፣ ዝናብ የለም። የአየሩን ተቃውሞ ሮለሩ ያስመስለዋል እንጂ ነፋስ የሚባል የለም። በጭነት በኩል የሚታሰበው ከመኪናዋ ክብደት በላይ 300 ፓውንድ፣ ማለትም 136 ኪሎ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን ፈረንጆች መሆናቸው ነው። አምስት ሰው፣ አንድ ሰፌድ እንጀራ፣ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬና ፖርቶመጋላ ላይ የታሰረ ሻንጣ በየትኛውም ቅጽ ላይ አልተጻፈም።

የሃይዌይ ፈተናው የሚፈጀው 765 ሴኮንድ ነው፤ አሥራ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ርቀቱ አሥር ማይል ከሩብ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 48 ማይል፣ ጣሪያው 60። እስቲ በእግዜር፣ በ95 ቁጥር ሃይዌይ ላይ በ48 ማይል የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወይ ጎማው ተንፍሷል፣ ወይ ስልኩ ወድቆበት እየፈለገ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ፍሬድሪክስበርግ በሚወስደው በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ፍጥነት ብቻ ነው ያለው፤ ሰማንያ እና ዜሮ።

ለፈተናው ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ሲወጣ ዘመኑን ይመስል ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ አሜሪካኖችን ነዳጅ ማደያ በር ላይ ካሰለፈ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጃንዋሪ 1974 በመላ አገሪቱ ከ55 ማይል በላይ መንዳትን የሚከለክለውን ሕግ ፈረሙ። በ55 ዘመን የተፈጠረ ፈተና 60ን ጣሪያ ቢያደርግ ነውር የለበትም። ሕጉ በ1995 ተሻረ፤ ፈተናው ግን እንዳለ ቀረ። ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ በ85 ማይል መንዳት የሚፈቀድበት መንገድ አለ።

መንግሥትም ነገሩ ጠፍቶት አልነበረም። ከ1985 ሞዴል ጀምሮ ላቦራቶሪው ካወጣው የሃይዌይ ቁጥር ላይ 22 በመቶ፣ ከከተማው ላይ 10 በመቶ እየተቀነሰ እንዲለጠፍ ተደረገ። ይህም አልበቃም። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ሦስት ተጨማሪ ፈተናዎች ገቡ፤ አንዱ እስከ 80 ማይል እያስጋለበ ነዳጅ በኃይል የሚያስረግጥ፣ አንዱ በ35 ዲግሪ ሙቀት ኤሲ ከፍቶ የሚያስነዳ፣ አንዱ ከዜሮ በታች በ7 ዲግሪ ብርድ ሞተር የሚያስነሳ። የድሮዎቹ መኪናዎች ቁጥርም በዚሁ መሠረት እንደገና ተሰላ። ያኔ ነው ጉዱ የወጣው። የጋሼ ፕሪየስ የከተማ ቁጥሯ ከ60 ወደ 48፣ የሃይዌይ ቁጥሯ ከ51 ወደ 45 ወረደ። የባለ ስምንቱ ኮርቬት በሃይዌይ 28 የነበረችው 26 ሆነች። ሁለት ማይል ብቻ! እሱ ይህን ሲያገኝ የደስታው መጠን ልጁ ከተመረቀችበት ቀን ይበልጥ ነበር ብል ልጅቷ ትቀየመኛለች እንጂ ውሸት አይሆንም።

ታዲያ ይህች ቀይ መኪና ወረቀቱ 26 ሲላት እንዴት ሠላሳ ትሰጣለች? እዚህ ላይ ባለ ስምንቱ አይዋሽም። የእሱ ዓይነቱ፣ ከ1997 እስከ 2004 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ኮርቬት፣ በእጅ ማርሽ ሲሆን ስድስተኛ ማርሹ እጅግ የተዝናና ነው። በሰዓት 70 ማይል እየሄደች ሞተሯ በደቂቃ 1,500 ዙር ገደማ ብቻ ይዞራል፤ ብዙ ትናንሽ መኪናዎች በዚያ ፍጥነት ከዚህ እጥፍ ሊጠጋ በሚችል ዙር ይጮኻሉ። ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ ፊቷ ሹል ነውና አየሩ ብዙም አይከራከራትም። ሜዳ ላይ በ70 ለመሄድ እንዲህ ያለች መኪና የሚያስፈልጋት ጉልበት ከ20 እስከ 25 ፈረስ ቢሆን ነው። የቀሩት ሦስት መቶ ምናምን ፈረሶች ሥራ የላቸውም። በኋላ የመጡት ኮርቬቶች፣ ከ2014 ሞዴል ወዲህ ያሉት፣ ጭራሽ መንገዱ ሲቀላቸው አራቱን ሲሊንደር ያሳርፋሉ።

ፈተናው ደግሞ ያንን ዝግ ያለ ጉዞ ብቻ አይለካም፤ ማስጋለብ አለበት፣ መቀነስ አለበት፣ የመቀነሻ ስሌት አለበት። ስለዚህ ከሌሊት ተነስቶ፣ ሜዳ መንገድ ይዞ፣ በ65 እና በ70 መካከል ክሩዝ ኮንትሮል አስሮ የሄደ ሰው ወረቀቱን ቢያስከነዳ ተአምር አይደለም። በአንጻሩ ትንሽ ሞተር ላይ ቱርቦ የጫኑ መኪናዎች በፈተናው ቀስታ ውስጥ ቱርቧቸው ብዙም ስለማይነሳ ያማረ ቁጥር ያገኛሉ፤ ሃይዌይ ላይ ዳገትና ጭነት ሲመጣ ቱርቦው ይነቃል፣ ቤንዚኑም አብሮ።

የኮርቬት ሠሪዎች ፈተናውን ያለፉበትን ዘዴ ሳልናገር አላልፍም፤ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ከ1989 ጀምሮ በእጅ ማርሽ ኮርቬቶች ላይ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ገባች። ቀስ ብለህ ከአንደኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ልታስገባ ስትል ትዘጋብሃለች፤ ዘንጉ ራሱ እየመራ አራተኛ ውስጥ ይከትሃል። ሁለተኛና ሦስተኛ የሉም! ሞተሩ ያቃስታል፣ ከኋላህ ያለው ጥሩምባ ይነፋል፣ ቤንዚን ግን ይቆጥባል፤ በተለይም ፈተናው ላይ። ማትሪክ እስኪያልፍ ድረስ ሌሊቱን በቃሉ ሸምድዶ በማግስቱ ሁሉንም የሚረሳ ተማሪ እናውቃለን አይደል? ይኸው እሱ ነው። ባለቤቶቹም መኪናዋን በገዙ ሳምንት በጥቂት ዶላር ማክሸፊያ ገዝተው ይሰኩባታል። ባለ ስምንቱም ሰክቷል። ስለ ቁጠባ የሚሰብከው ይህንኑ ሰክቶ ነው።

ለዚህ ሁሉ ጭንቅ ምክንያቱ ግብር ነው። በ1978 በወጣ ሕግ፣ በጋሎን 22 ተኩል ማይል የማይሞላ የቤት መኪና ሲሸጥ የሆዳም መኪና ግብር ይከፈልበታል፤ ከ1,000 ዶላር ይጀምርና 7,700 ድረስ ይሄዳል። ሕጉ ግን የጭነት መኪናን አይነካም፣ ኤስ ዩ ቪም ከዚያው ወገን ተቆጥሮ አመለጠ። እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ቦታ ይዘው የሚቆሙት እነዚያ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር መኪናዎች በሕግ ዓይን ሆዳም አይደሉም። ሆዳሟ ከመሀላቸው ተሸጉጣ የማትታየው ኮርቬት እንዳትባል ነው ያ ሁሉ መቆለፊያ።

የመስኮቱ ቁጥር ራሱ የተሳሳተበት ጊዜም አለ። በ2012 መጨረሻ ሂዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 900,000 ለሚጠጉ መኪናዎች የለጠፉት ቁጥር የተጋነነ መሆኑን አምነው ለባለቤቶቹ የቤንዚን ልዩነት መክፈል ጀመሩ፤ በ2014 ደግሞ የ100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጨመረባቸው። ፎርድም ሲ-ማክስ ሃይብሪድ የተባለችውን 47 ብሎ ከሸጠ በኋላ ወደ 43 አውርዷታል። ከነዚህ ውስጥ ስፖርት መኪና አለመኖሩን ባለ ስምንቱ በየአጋጣሚው ያስታውሰናል።

የአውሮፓ ቁጥሮችማ የባሱ ነበሩ። ፍራንክፈርት የሚኖር የአክስቴ ልጅ ስልክ በደወለ ቁጥር መኪናው ከወረቀቱ በላይ ትጠጣለች ብሎ ያማርር ነበር፤ እሱ አውቶባን ላይ በ170 እየነዳ ነው የሚያማርረው። የድሮው የአውሮፓ ፈተና ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን 120 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቆየው ለአሥር ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት በ2001 ከ10 በመቶ በታች ነበር፤ በ2015 ከ40 በመቶ አለፈ። ከ2017 ጀምሮ ፈተናው በሌላ ተተካ፤ የአክስቴ ልጅ አነዳዱ አልተተካም።

እነሱው ጋ ቡጋቲ ቬይሮን የምትባል ሺህ አንድ የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ነበረች። ባላት አቅም ሁሉ ከተነዳች 100 ሊትሩን ታንክ በ12 ደቂቃ ታጠናቅቀዋለች። በዚያ ፍጥነት ጎማዋ የሚቆየው 15 ደቂቃ ነው ስለተባለ፣ ቤንዚኑ ቀድሞ ማለቁ ለነጂው ጤና ነው።

ወደ ጠረጴዛችን ልመለስ፤ አንድ ቅዳሜ ባለ ስምንቱ ስልኩን አውጥቶ አንድ ታሪክ ለጋሼ አነበበላቸው። በ2008 «ቶፕ ጊር» የተባለው የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ዝግጅት ፕሪየስን በውድድር ሜዳ ላይ እስከ መጨረሻው እያስረገጠ አስሮጣት፤ ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 ደግሞ ከኋላ እየተከተለቻት ብቻ እንድትሄድ አደረገ። ባለ አራት መቶ ፈረሷ ኤም 3 በእንግሊዝ ጋሎን 19.4 ማይል ስትሰጥ ፕሪየስ 17.2 ሰጠች።

«እና እኔ ፕሪየሴን ውድድር ሜዳ ምን ሊያደርጋት ነው የምወስዳት?» አሉ ጋሼ።

መልስ አልነበረውም። ያ ሙከራ የሚያሳየው መኪናዋን ሳይሆን የረገጠውን እግር ነው፤ የመስኮቱ ወረቀትም ሊለጥፍ ያልቻለው እሱኑ ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ልክ አያድግም፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ከ60 ወደ 80 ማይል ሲኬድ ፍጥነቱ በሲሶ ሲጨምር የአየሩ ግፊት በ78 በመቶ ይጨምራል። ኮርቬትም ሆነች ፕሪየስ፣ አየሩ ብራንድ አይመርጥም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት የትራፊክ ቲኬት ብቻ ሳይሆን ወንጀል መሆኑ፣ የፖሊስ ራዳር ጠቋሚ መሣሪያም መከልከሉ፣ ለነዳጅ ቁጠባ ከማንኛውም ቴክኖሎጂ የበለጠ ሳያደርግ አልቀረም።

ባለ ስምንቱ ሠላሳዋን ለሚስቱ ያቀረበላት አንድ ማታ ራት ላይ ነው። እሷ ነርስ ናት፤ የመድኃኒት መጠን በነጥብ አስልታ የምትሰጥ ሴት ናትና ቁጥር አታስፈራትም። ወደ አትላንታ ስንት ማይል ነው አለችው። 640። በ25 ቢሆን ስንት ጋሎን ይፈጃል? በ30ስ? ልዩነቱ አራት ጋሎን ከምናምን። ፕሪሚየም ቤንዚኑ በጋሎን 4 ዶላር ቢሆን 17 ዶላር።

«ለአሥራ ሰባት ዶላር ነው ይህን ሁሉ ወር ያደረቅኸኝ?» አለችው። «የጎማውን ዋጋ ንገረኝ እስቲ።»

የኮርቬት ጎማ ከፊትና ከኋላ መጠኑ ይለያያል፤ እያዟዟሩ ማስረጀት አይቻልም፤ አራቱ ሲገዙ ከሺህ ዶላር በላይ ይሄዳል። ይህን አልነገራት። እሷም ታውቅ ነበር።

አትላንታ የተነሳው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት ምክንያት ነው። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ ፎር ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚካሄደውን የኳስ በዓል የማያውቅ ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ የለም፤ ኳሱን የሚያይም ብዙ የለም፤ ዘመድ ለማየት፣ ክትፎ ለመብላት ነው የሚኬደው። የዚያን ዓመት ተራው የአትላንታ ነበር። ባለ ስምንቱ ኮርቬቷን ይዞ እሄዳለሁ አለ፤ ሠላሳዋን በዓይኗ ብሌን ሊያሳያት። ከኋላ መስታወት ሥር ያለው ቦታ ከሚገመተው በላይ ሰፊ ስለሆነ ሻንጣውም እንጀራውም ገባ።

የመንገዱን ታሪክ ከሁለቱም ሰምተናል። እኔ የእሷን ነው የማምነው፤ የቤንዚን ደረሰኞቹን ይዛ ስለመጣች። እስከ ሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና ድረስ የነዳው እሱ ነው። ሪችመንድን እስኪያልፉ ድረስ ጨዋ ነበር። ከዚያ አንድ ሙስታንግ በግራ በኩል አልፎት ሄደ። ከዚያ በኋላ ስላለው ፍጥነት ሁለቱ አይስማሙም። ሻርሎት ላይ ሞልተው የሄዱበትን ማይል ለገባው ጋሎን ሲያካፍሉ 27 መጣ። ዳሽቦርዱ 28 ተኩል ይል ነበር፤ የዳሽቦርድ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ይልቅ ቸር ነው። እሱ ኤሲውን ከሰሰ። ቤንዚኑ ውስጥ ያለውን አሥር በመቶ ኤታኖልም ከሰሰ፤ እርግጥ ሦስት በመቶ ያህል ያጎድላል። ሙስታንጉን አልከሰሰም።

ከሻርሎት ወዲያ ደከመኝ ብሎ ቁልፉን ሰጣት። እሷ ስድስተኛ ማርሽ አስገብታ፣ በቀኝ መስመር ክሩዙን 65 ላይ አስራ፣ መዝሙሯን ከፍታ ሄደች። ከባድ መኪናዎች እንኳ እያለፏት ነበር። ሳውዝ ካሮላይናን በሙሉ ተኝቶ አለፈው። አትላንታ መግቢያ ላይ ሲሞሉ 32 ሰጠች።

«ከሻርሎት በኋላ ነፋሱ ከኋላ ነበር» አለን፣ ቅዳሜ ተመልሶ ሲመጣ።

ጋሼ ሲኒያቸውን አላነሱም። «እንዲህ ያለ ነፋስማ ከተገኘ» አሉት፣ «ቁልፉን ስጠው።»

እስካሁን አልሰጠም።